አኔት ኬለርማን፦ የዓሣ ጅራት ሰፍታ የዋኘችው ሴት

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ለተማሪ ብዙ ጥቅም እንዳለው መምህራኖቻችን ዘወትር ይነግሩናል። በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችንም የነገሥታት፣ የአርበኞች፣ የሊቃውንትና የአዲስ ነገር ፈልሳፊዎች ታሪክ መቅረቡ የተለመደ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ለውድ አንባቢዎቼ የማቀርበው በመርፌና በክር፣ በውኃና በድፍረት ስምዋን ያስጠራችውን የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ይህች ሴት አኔት ኬለርማን ትባላለች። ለደጋ አገር ሰው የዋና ነገር ምን ይረባዋል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም ይሆናል። ስለዚህ ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝን ምክንያት አስቀድሜ በአጭሩ ላስረዳ።

እኔ የተወለድኩት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር ነው። እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ በከተማው ቤት ተከራይቼ እየተማርኩ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቼ ቤት እሄዳለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ ወር ከታላቅ ወንድሜ ጋር ወደ ከተማ ስንመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ውኃው ከጉልበት እምብዛም የሚያልፍ ስላልመሰለን ለመሻገር ገባን። ወንድሜ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ነበር። እኔ ግን ረጅም ቀሚሴን እንደ ለበስኩ፣ ጋቢዬንም እንደ ተከናነብኩ ነበርኩ። ከመካከል ስደርስ ድንጋይ አዳለጠኝና ወደቅሁ።

በዚያን ሰዓት የያዘኝ ውኃው ብቻ አልነበረም። ጋቢው ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ ቀሚሴም በእግሮቼ ላይ ተጠምጥሞ መሬት እንዳልረግጥ አሰረኝ። ወንድሜ ደርሶ ጋቢውን ከላዬ ገፈፈና በክንዴ ጎትቶ አወጣኝ፤ ጋቢው ግን በዚያው በጎርፉ ተወሰደ። እናቴ በእጅዋ የፈተለችው ነበርና እጅግ አዘንኩ። እርስዋ ግን ጋቢው የልጄ ቤዛ ሆነ ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ከዚያን ቀን ወዲህ ልብስና ውኃ እንዴት ያሉ ባላጋራዎች እንደ ሆኑ ማሰብ ጀመርኩ። ስለዚሁ ነገር ሳነብ ሳለሁ ነው ከአኔት ኬለርማን ታሪክ ጋር የተገናኘሁት። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

አኔት ኬለርማን ጁላይ 6 ቀን 1886 ዓ.ም. ሲድኒ በምትባለው የአውስትራሊያ ከተማ ተወለደች። አባትዋ ፍሬደሪክ ኬለርማን ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ እናትዋ አሊስ ሻርቦኔ ደግሞ ከፈረንሳይ የመጣች የፒያኖ መምህርት ነበረች። ቤታቸው ሙዚቃ የማይለየው ነበርና ሕፃንዋም በሙዚቃ ታድጋለች ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን ገና በሕፃንነትዋ እግሮችዋ ደካሞች ሆኑ። እንዲጠነክሩና እንዲቃኑ ተብሎም የብረት መደገፊያ ታሰረላቸው። እኩዮችዋ በሜዳ ሲሯሯጡ እርስዋ በብረቱ ሥቃይ ተይዛ ከዳር ሆና ትመለከት ነበር።

ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ወላጆችዋ እግሮችዋን ያበረታላት እንደ ሆነ ብለው ዋና እንድትማር አደረጓት። የተማረችበትም ስፍራ ካቪል የተባለው ቤተ ሰብ በሲድኒ የሚያስተዳድረው የመዋኛ ስፍራ ነው። ይህ ቤተ ሰብ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀውን ፈጣኑን የክሮል ዋና በማስፋፋቱ ስሙ በስፖርት ታሪክ ይነሣል። ሕፃንዋ አኔት በመጀመሪያ ውኃውን እጅግ ፈርታ ነበር። በመሬት ላይ የከዷት እግሮች ግን በውኃ ውስጥ መታዘዝ ጀመሩ። ውኃ የሰውን ክብደት ተሸክሞ ያቀልላልና፥ ብረቱ ያልሰጣትን ነፃነት ውኃው ሰጣት። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት እግሮችዋ እንደ ማንኛውም ልጅ እግሮች ሆኑ። በአሥራ አምስት ዓመትዋም የዋናን ስልቶች ሁሉ አጥንታ የመጀመሪያ ውድድርዋን አሸነፈች።

በ1902 ዓ.ም. በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የሴቶች የዋና ውድድር ተደርጎ አኔት በሁለት ርቀት አንደኛ ወጣች። 100 ያርድ፥ ማለት 91 ሜትር ያህል፥ በ1 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ዋኘች። አንድ ማይል ደግሞ በ33 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ ፈጸመች። ሁለቱም በዚያን ጊዜ አዲስ ክብረ ወሰኖች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያለ ብረት መቆም ያቃታት ልጅ ለዚህ መድረስዋ የሚያስደንቅ ነው።

በዚያው ዓመት ቤተ ሰቡ ወደ ሜልቦርን ከተማ ሄደ። እናትዋ ሙዚቃ በምታስተምርበት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አኔትም ትማር ጀመር። ከትምህርትዋ ጎን በከተማው የዋናና ከከፍታ የመዝለል ትርኢት ታሳይ ነበር። በአንድ ታላቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥም ከዓሦች ጋር በቀን ሁለት ጊዜ እየዋኘች ሕዝቡን ታስደስት ነበር። የዓሣ ጅራት ለብሳ እስከ መታወቅ ያደረሳት የሕይወትዋ መንገድ ከዚህ ተጀመረ ለማለት ይቻላል። በአውሮፓ ተረት ከወገብዋ በላይ ሴት፣ ከወገብዋ በታች ዓሣ የሆነች የባሕር ልጃገረድ አለች። ዴንማርካዊው ደራሲ ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1837 ዓ.ም. ስለ እንዲህ ያለች ልጃገረድ ካሳተመው ተረት በኋላ ነገሩ በብዙ አገር ልጆች ዘንድ ታውቋል። አኔት ይህን ተረት በሥጋ ለብሳ ለማሳየት የተነሣች ሴት ናት።

በ1905 ዓ.ም. ከአባትዋ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረች። የመጡበትም ዓላማ በዋናዋ እንጀራ ለማግኘት ነበር። በሎንዶን መካከል በሚያልፈው በቴምዝ ወንዝ ረጅም ርቀት ዋኝታ በጋዜጦች ዘንድ ስምዋ ተነሣ። ቀጥላም በኦገስት ወር እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየውን ቀዝቃዛ የባሕር መተላለፊያ በዋና ለመሻገር ሞከረች። ይህን ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም ጊዜ አልተሳካላትም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1926 ዓ.ም. ገርትሩድ ኤደርል የተባለች አሜሪካዊት ከአሥራ አራት ሰዓት በላይ ዋኝታ ባሕሩን ለመሻገር የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አኔት በዚህ ባትሳካም አላፈረችም። በዳንዩብ ወንዝ ላይ ከቱልን እስከ ቪየና ድረስ 36 ኪሎ ሜትር ያህል በሚደርስ ውድድር ኢዛቼስኩ የተባለችውን የኦስትሪያ ባሮኔስ አሸንፋለች።

አሁን ወደ ልብሱ ነገር እንመለስ። በዚያን ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ ሴቶች ወደ ባሕር ሲገቡ ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ፣ ከሥሩ ሰፊ ሱሪ፣ ረጅም ካልሲና ብዙ ጊዜም ጫማ ይለብሱ ነበር። ይህን ሁሉ ለብሳ የምትዋኝ ሴት ወዴት ትደርሳለች? እኔ በጋቢዬ ያየሁትን እነርሱም በሱፋቸው ያዩት ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ከባሕሩ ዳር ገመድ ይዘው ውኃው እስከ ወገባቸው እንዲደርስ ከማድረግ በቀር አይዋኙም ነበር። ሴት ዋናን ያልቻለችው በተፈጥሮዋ ስለ ደከመች መስሏቸው የሚናገሩ ነበሩ። የእውነቱ ምክንያት ግን አብዛኛው በጨርቁ ነበር።

አኔት በሎንዶን በአንድ የከበረ የዋና ማኅበር ቤት በንጉሣውያን ቤተ ሰብ ፊት ትርኢት እንድታሳይ ተጠራች። የምትዋኘው ግን የወንዶች ልጆች የመዋኛ ልብስ ለብሳ ነበርና፥ እግርዋን ገልጣ በመኳንንቱ ፊት መቅረብ እንደማይፈቀድላት ተነገራት። እርስዋም አልተከራከረችም፤ ወደ ሱቅ ሄዳ ረጅም ጥቁር ካልሲ ገዛችና ከልብሱ ጋር በመርፌ ሰፋችው። እንዲህ አድርጋ ከአንገት እስከ እግር ጣት የሚሸፍን፣ ሆኖም በሰውነት ላይ ልክክ ብሎ ውኃ የማይጎትተው ልብስ ሠራች። ሕጉንም አልጣሰችም፤ ዋናዋንም አልተወችም። ይህ ልብስ ነው በኋላ በእርስዋ ስም ተጠርቶ በሱቆች የተሸጠው፤ ለሴቶች አንድ ወጥ የመዋኛ ልብስም መንገድ የከፈተ ሆነ።

ወደ አሜሪካ ከሄደች በኋላ ግን ልብስዋ ብዙ ክርክር አስነሣ። እርስዋ ራስዋ በኋለኛው ዘመንዋ እንደ ተረከችው፥ በ1907 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ አጠገብ ሪቪር በተባለው የባሕር ዳር በዚሁ አንድ ወጥ ልብስ ለመዋኘት ስትወጣ ፖሊስ ይዟት ነበር። ዳኛው ፊት ቀርባም በዚያ በከባዱ ቀሚስ መዋኘት በሰንሰለት ታስሮ ከመዋኘት እንደማይለይ አስረዳች። በዚህ ረገድ ጨዋነት ይጠበቅ የሚሉትን ሰዎች መሳደብ ለእኔ ተገቢ መስሎ አይታየኝም፤ በእኛም አገር ጨዋነት የተከበረ ነው። አኔትም ብትሆን የጠየቀችው የሴት አካል እንዲንቀሳቀስ እንጂ ክብርዋ እንዲዋረድ አልነበረም። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1912 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በዋና እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። በ100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የወጡትም ፋኒ ዱራክና ሚና ዋይሊ የተባሉት የአኔት አገር ልጆች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የአኔት ስም በሲኒማ ዓለም ገነነ። በ1911 ዓ.ም. «ሜርሜይድ» ማለት የባሕር ልጃገረድ በተባለው አጭር ፊልም የዓሣ ጅራት ለብሳ ታየች። በዚህም ለታይታ ብቻ ሳይሆን በእርግጥ የሚዋኙበትን የዓሣ ጅራት ለብሳ በሲኒማ የታየች የመጀመሪያዋ ተዋናይት ተብላለች። በ1914 ዓ.ም. «የኔፕቲዩን ልጅ» የተባለው ፊልም በቤርሙዳ ደሴት ሲነሣ ውኃ የተሞላው የመስታወት ገንዳ ፈንድቶ እርስዋንና የፊልሙን አዘጋጅ ሄርበርት ብሬኖንን አቁስሏቸዋል። በ1916 ዓ.ም. የታየውና በጃማይካ የተሠራው «የአማልክት ልጅ» እጅግ ብዙ ገንዘብ እንደ ወጣበት ተነግሮለታል፤ እርስዋም በዚያ ፊልም 28 ሜትር ያህል ከሚሆን ከፍታ ወደ ባሕር ዘልላለች። የሚያሳዝነው ግን የዚህ ፊልም ቅጂ ዛሬ በየትም አይገኝም። ከረጃጅም ፊልሞችዋ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በ1924 ዓ.ም. የወጣውና በኒው ዚላንድ የተሠራው «የደቡብ ባሕር ቬኑስ» ብቻ ነው።

በእነዚህ ፊልሞችና በቴአትር ቤቶች የለበሰቻቸውን የዓሣ ጅራቶች ንድፋቸውን የምታወጣው ራስዋ ነበረች፤ አንዳንዶቹንም በገዛ እጅዋ ሰፍታቸዋለች። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። በጥቂቱ ሳስበው ግን ከማንኛውም ልብስ ይልቅ የሚከብድ የስፌት ሥራ እንደ ሆነ ተረዳሁ። የባሕር ልጃገረድ ሁለቱ እግሮችዋ በአንድ ጅራት ውስጥ የታሰሩ ናቸው፤ ስለዚህ እንደ እኛ እግርዋን እያፈራረቀች መምታት አትችልም። ከደረትዋ ጀምሮ በወገብዋና በጉልበትዋ እየታጠፈች፥ ሰውነትዋን እንደ ማዕበል እያወዛወዘች ትዋኛለች። ጨርቁ ካልተሳበላት ጉልበትዋ አይታጠፍም፤ ከሰፋባት ውኃ ይሞላበትና ወደ ኋላ ይጎትታታል፤ ከከበዳት ደግሞ ያሰጥማታል። እንግዲህ ተረቱ ያማረ ይሁን እንጂ የተረቱ ሕይወትና ሞት በጨርቅ ምርጫ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይህን ለራሴ ለመመርመር በቤቴ አንድ ትንሽ ፈተና አደረግሁ። የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ፣ የአሮጌ ሱፍ ሹራብ ቁራጭ፣ ደግሞም የተቀደደ የእግር ኳስ ማሊያ ቁራጭ በእኩል መጠን ቆርጬ በሳፋ ውኃ ነከርኳቸው። ከዚያም አውጥቼ በገመድ ላይ ሰቀልኳቸው። የጋቢው ቁራጭ ውኃውን ጠጥቶ ሲያንጠባጥብ አመሸ፤ በማግሥቱም ርጥብ ነበር። የሹራቡ ቁራጭ ከክብደቱ የተነሣ ወደ ታች ተጎትቶ ረዘመ፥ መልኩንም አጣ። የማሊያው ቁራጭ ግን ውኃውን ወዲያው ጥሎ፥ ምሽት ሳይሆን ደረቀ። ቀጥዬ ሦስቱንም በሁለት እጄ ሳብኳቸው። ጋቢው እምቢ አለ፤ ሹራቡ ተስቦ ቀረ፤ ማሊያው ተሳበና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ምክንያቱንም ከሸማኔዎቻችን ሥራ ለመረዳት ይቻላል። ሸማ የሚሠራው ድርና ማግ እርስ በርሳቸው ተሻግረው ነው። ክሮቹ ቀጥ ብለው ስለሚተኙ ጨርቁ ጠንካራ ይሆናል እንጂ አይሳብም። ሹራብና ማሊያ ግን ክሩ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ የሚሠራ ነው። ሲጎተት ቀለበቶቹ ይከፈታሉ፤ ሲለቀቅ ይሰበሰባሉ። አኔት በካልሲ መጀመርዋ እንዲያው በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም፤ ካልሲም በቀለበት የተሠራ ነውና ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ተከትሎ ይሳባል። ሁለተኛው ነገር የክሩ ዐይነት ነው። ጥጥና ሱፍ ከተክልና ከበግ የተገኙ ስለ ሆኑ ውኃን ወደ ውስጣቸው ይወስዳሉ። ከፋብሪካ የሚወጡ ክሮች ግን ውኃን እምብዛም አይጠጡም።

ለአኔት ያልተገኘላትም ይኸው ነበር። ናይለን የተባለውን ክር ዋላስ ካሮተርስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ያገኘው በ1935 ዓ.ም. ነው። እንደ ላስቲክ የሚሳበውንና ዛሬ ላይክራ እየተባለ የሚጠራውን ክር ደግሞ ጆሴፍ ሺቨርስ በዚያው ኩባንያ የሠራው በ1958 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በገዛ እጃቸው የዓሣ ጅራት ሰፍተው የሚዋኙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለት ክሮች የተቀላቀለ፥ በቁመትም በወርድም የሚሳብ ጨርቅ ይመርጣሉ። በጅራቱ ጫፍም ውኃውን የሚገፋ ጠንካራ ክንፍ ይከቱበታል። ጨርቁ አብረቅራቂ ጌጥ የበዛበት ከሆነ ያምራል እንጂ ቆዳ ይፍቃል፥ ውኃም ይይዛል፤ ስለዚህ ብልሆች የዓሣውን ቅርፊት በጨርቁ ላይ በቀለም ያትሙታል። ከሁሉም በላይ የሚጠነቀቁት ጅራቱ ሲያስፈልግ ፈጥኖ እንዲወልቅ ነው። አኔት ግን ይህ ሁሉ ሳይኖር፥ በዘመንዋ በተገኘው ጨርቅ፥ በሙከራና በትዕግሥት ሠርታ ዋኘችበት። ሥራዋን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው።

አኔት በ1912 ዓ.ም. የሥራዋን አስተዳዳሪ ጄምስ ሳሊቫንን አገባች። በ1918 ዓ.ም. አንዱ ዋናን የሚያስተምር፣ ሌላው ስለ ሰውነት ጤንነት የሚናገር ሁለት መጻሕፍት አሳተመች። ሴቶች ሰውነታቸውን እንዲያጠነክሩና ዋናን እንዲማሩ በየከተማው እየዞረች ትመክር ነበር። ሥጋ የማትበላና ሰውነትዋን እስከ ሽምግልናዋ የጠበቀች ሴት ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአገርዋ በአውስትራሊያ ሆና ወታደሮችን በትርኢትዋ ታጽናናና ቀይ መስቀልን ትረዳ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ኤስተር ዊሊያምስ የተባለች ዋናተኛና ተዋናይት የአኔትን የሕይወት ታሪክ በሆሊዉድ በተሠራ ፊልም ተጫውታለች።

በ1970 ዓ.ም. አኔት ጠቅልላ ወደ አውስትራሊያ ተመለሰች። በ1974 ዓ.ም. ስምዋ በፍሎሪዳ በሚገኘው የዓለም አቀፍ ዋናተኞች የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። በኖቬምበር 1975 ዓ.ም. በ89 ዓመት ዕድሜዋ በኩዊንስላንድ ግዛት ዐረፈች። ዐመድዋም በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ድንጋይ ባሕር ላይ ተበተነ። በዘመንዋ ሁሉ ያጠራቀመቻቸውን አልባሳት ለሲድኒ ኦፔራ ቤት አውርሳለች፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ በሲድኒ በቤተ መዘክር ተጠብቀው ይኖራሉ። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ዊኪ ዋቺ በተባለች ምንጭ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ጅራት እየለበሱ ትርኢት የሚያሳዩ ዋናተኞችም የእርስዋን ንድፍ የሚመስል ጅራት ይለብሳሉ።

ውድ አንባቢዎቼ፥ ይህን ታሪክ ስጽፍ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ። አኔት በሕፃንነትዋ እግሮችዋ በብረት ታስረው ነበር። ካደገች በኋላ ደግሞ በገዛ ፈቃድዋ እግሮችዋን በዓሣ ጅራት አሰረች። ሁለቱም ማሰሪያ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ከወንበር ጋር አቆራኛት፤ ሁለተኛው ከዓሣ ጋር አስተካከላት። ልዩነቱ ከምን መጣ? ሁለተኛውን ራስዋ ለካችው፣ ራስዋ ጨርቁን መረጠችው፣ ራስዋም ሰፋችው። ሰው የሚለብሰውን ለሚሠራው ሥራ አስማምቶ ሲመርጥ ማሰሪያው ክንፍ ይሆንለታል። ሳያስብ የለበሰው ግን እንደ እኔ ጋቢ በወንዝ መካከል ይከዳዋል።

ይህን ስል ጋቢያችንን ማቃለሌ እንዳይመስላችሁ። በጮቄ ተራራ ነፋስና በደብረ ማርቆስ ብርድ ከጋቢ የሚሻል ልብስ አላውቅም። እናቴም ያንን ጋቢ የፈተለችው እንዲያሞቀኝ እንጂ እንድዋኝበት አይደለም። ጥፋቱ የጋቢው ሳይሆን በእርሱ ወደ ውኃ የገባሁት የእኔ ነው። አባቶቻችንም ይህን አጥተውት አያውቁም። ዐባይን በዋና ሲሻገሩ ልብሳቸውን አውልቀው፥ በአቁማዳ ውስጥ አየር ነፍተው በእርሱ ላይ ተደግፈው ይሻገሩ ነበር። ነገር ግን ይህ ጥበብ ለወንዶች ብቻ ቀርቶ፥ ሴቶች ልጆች ከወንዙ ዳር ልብስ ከማጠብና ውኃ ከመቅዳት በቀር ዋና ሳይማሩ ያድጋሉ። ወንዙን የምንሻገረው ግን ሁላችንም ነን።

ስለዚህ በመጨረሻ የማሳስበው ይህ ነው። የተከበራችሁ ወላጆች፥ በክረምት ልጆቻችሁን ወደ ትምህርት ቤት ስትልኩ ወንዝ ሞልቶ ካገኛቸው እስኪጎድል እንዲጠብቁ፥ የግድ የሚሻገሩ ከሆነም ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ከታላቅ ሰው ጋር እንዲሻገሩ ምከሩልን። የተከበራችሁ መምህራን፥ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ዋናም ቦታ ቢያገኝ፥ ሴቶችም በጨዋ ልብስ ከወንዶች እኩል ቢማሩት፥ ብዙ ነፍስ ይተርፍ ነበር። ጓደኞቼ ሆይ፥ በተለይም እኅቶቼ፥ መርፌና ክር ትንሽ ነገር ናቸው ብለን አንናቅ። እግርዋ የደከመች አንዲት ልጅ አንድ ጥንድ ካልሲ ከአንድ ልብስ ጋር ሰፍታ የብዙ ሴቶችን መንገድ ከፍታለች።

እናቴ ዘንድሮ ሌላ ጋቢ ፈትላ አሸምናልኛለች። ወንዝ በደረስኩ ቁጥር አጥፌ በራሴ ላይ እሸከመዋለሁ፤ ማዶ ስደርስ እለብሰዋለሁ።